ማኅተሙ ከሳጥኑ ሳይጠፋ

አባቴ የወረዳ ጸሐፊ ነበሩ። የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም በብረት ሳጥን ቆልፈው ቁልፉን ከአንገታቸው አያወርዱትም ነበር። ስጋታቸው ምን እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። የተሰረቀ ማኅተም ሲነጋ መታጣቱ ስለማይቀር ወዲያው ይሻራል። የሚያስፈራው ሌሊት ወጥቶ በሐሰተኛ ወረቀት ላይ ካረፈ በኋላ ጠዋት በቦታው የሚገኘው ነው።

ውድ አንባብያን፣ ኢንተርኔትም የራሱ ማኅተሞች አሉት። ኢሜይላችንን ወይም የባንክ ሒሳባችንን ስንከፍት ብራውዘራችን ድረ ገጹን «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ድረ ገጹም ብራውዘሩ የሚያምነው አንድ ድርጅት የፈረመለትን ሰርተፍኬት ያቀርባል። እነዚህ ፈራሚ ድርጅቶች በየአገሩ ብዙ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ፣ ትንሹም ቢሆን፣ በዓለም ላይ ላለ ለማንኛውም ስም መመስከር መቻሉ የሥርዓቱ ትልቁ ድክመት ነበር።

ይህ ድክመት በገሃድ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 በኔዘርላንድስ ነው። ዲጂኖታር የሚባለው ፈራሚ ድርጅት በዚያ ዓመት በሰኔ ወር ተሰብሮ ተገባበት። ጁላይ 10 ቀን በጎግል ስም ሐሰተኛ ሰርተፍኬት ወጣ። ድርጅቱ ጁላይ 19 ቀን ወረራውን ደረሰበት፤ ያገኛቸውን ሐሰተኛ ሰርተፍኬቶችም ሰረዘ። ከውጭ የመጡ መርማሪዎችም ሁሉም ተሰርዘዋል አሉት። የጎግሉ ግን አልተሰረዘም ነበር። ድርጅቱም ለሕዝብ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ዝም አለ።

ታዲያ ነገሩን ማን አጋለጠው? አንድ ተራ ኢራናዊ! ኦገስት 28 ቀን ጂሜሉን ሊከፍት ሲል ክሮም ማስጠንቀቂያ አሳየው። በቪፒኤን ሲገባ ደግሞ ማስጠንቀቂያው ጠፋ። ሰውየው በአገሩ የኢንተርኔት መስመር ላይ አንድ ነገር እንዳለ ጠርጥሮ ጎግልን ጠየቀ። ክሮም ሊለየው የቻለው ጎግል ለራሱ ገጾች የትኞቹ ፈራሚዎች እንደሚፈቀዱ አስቀድሞ በውስጡ ስለጻፈበት ነው። በሌላ ብራውዘር የገባ ጎረቤቱ ምንም ሳያይ የይለፍ ቃሉን አስረክቦ ይሆናል።

በኋላ ፎክስ አይቲ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ዘገባ ያሳፍራል። ሰርተፍኬት የሚፈርሙት ሰርቨሮች ሁሉ በአንድ የይለፍ ቃል የሚከፈቱ ነበሩ፤ ያም ቃል ደካማ ነበር። በተመረመሩት ሰርቨሮች ላይ ጸረ ቫይረስ አልተገኘም። 531 ሐሰተኛ ሰርተፍኬቶች ተቆጠሩ። ብራውዘሮች «ይህ ሰርተፍኬት አልተሻረምን?» እያሉ ለድርጅቱ የላኩት ጥያቄ ተመዝግቦ ስለነበር፣ ያንን ሐሰተኛ የጎግል ሰርተፍኬት የቀረበላቸው 300,000 ያህል አድራሻዎች ተለዩ፤ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከኢራን ነበሩ። መረጃው ሁሉ በድርጅቱ እጅ ነበር፤ የተመለከተው ግን አልነበረም። ዲጂኖታር በሴፕቴምበር 20 ቀን ከሰረ።

ለእኔ ዋናው ወንጀል ስርቆቱ አይደለም። ማንም ሊሰረቅ ይችላል። ዝምታው ግን የፖለቲካ ውሳኔ ነበር፤ የድርጅቱ ስም ቴህራን ውስጥ ኢሜይል ከሚጽፍ ተቃዋሚ ደኅንነት በለጠ። ማኅተም ጠባቂን «ማኅተምህ ተነክቷል ወይ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ማመን ሞኝነት ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው መፍትሔ ማንም ሊያነበው የሚችል የአደባባይ መዝገብ ነው። ክሮም ከኤፕሪል 2018 በኋላ የወጣ ሰርተፍኬት በመዝገቡ ካልሰፈረ አይቀበልም። ጥቅሙ ግን ቀደም ብሎ ታይቷል። በ2015 የሲማንቴክ ሠራተኞች ጎግል ሳይጠይቅ በስሙ «ለሙከራ» የፈረሙት ሰርተፍኬት የተገኘው ከዚሁ መዝገብ ነው። ሲማንቴክ መጀመሪያ 23 የሙከራ ሰርተፍኬቶች ብቻ ናቸው አለ፤ ጎግል መዝገቡን ይዞ ሲሞግተው ቁጥሩ ከሁለት ሺህ አለፈ። ገበናን ለመሸፈን ያልተመቸ መዝገብ!

መዝገቡ ግን ሁሉን አያይም። ሐሰተኛ ሰርተፍኬት ሳይወጣ የእውነተኛው ምስጢራዊ ቁልፍ ብቻ ቢገለበጥ በመዝገቡ ላይ አዲስ መስመር አይጨመርም፤ ባለቤቱም ምንም አይጎድልበትም። የሶፍትዌር ፊርማ ቁልፎችም እንደዚያው ናቸው፤ በ2010 የተጋለጠው ስታክስኔት የሪልቴክንና የጄማይክሮንን የተሰረቁ ፊርማዎች ለብሶ ነበር የሚጓዘው። በ2025 የሰርተፍኬት ዕድሜ በ2029 ወደ 47 ቀን እንዲያጥር የተወሰነው አንድም ስርቆቱን በጊዜ ማወቅ ስለሚያዳግት ይመስለኛል።

እኛን ምን አገባን የሚል አይጠፋም። አገራችን እስከ 2022 ድረስ ሕዝቡን በኢንተርኔት የሚያገናኝ አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበራት፤ መስመሩ በአንድ እጅ ሲሆን መሐል መግባት ይቀልላል። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች የፍላሽ ማሻሻያ መስሎ በቀረበ የስለላ ሶፍትዌር እንደተጠቁ ሲቲዝን ላብ በ2017 አጋልጧል። ስለዚህ በአማርኛ ዜናና አስተያየት የምታወጡ ወገኖች፣ የድረ ገጻችሁን ስም በዚያ የአደባባይ መዝገብ ፈልጉት፤ ነጻ ነው፣ አምስት ደቂቃም አይፈጅም። እናንተ ያላዘዛችሁት ሰርተፍኬት ካገኛችሁ በዚያው ቀን ለፈራሚው ድርጅት ጻፉ፤ ለአንባቢዎቻችሁም በዚያው ቀን ንገሩ።