ጥድን የሚያደርቀው ድርቅ ብቻ አይደለም
ለዝግጅት ክፍሉ፦

በየካ ክፍለ ከተማ በየግቢው ለአጥርነት የተተከለው፣ በእንጦጦም ተዳፋት ከባሕር ዛፉ ጋር የሚታየው የፈረንጅ ጥድ ቅጠሉ ጠውልጎ ያለጊዜው ሲረግፍ፣ ጥፋቱ ሳይመረመር በውኃ እጥረት ወይም በእርጅና ተላክኮ ዛፉ ለመጥረቢያ መሰጠቱ ሊታረም የሚገባው ልማድ ነው።

አስቀድሞ ሊጠረጠር የሚገባው የጥድ ክሽክሽ የተባለው ተባይ ነው። ይህ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ነፍሳት በጥላ በተከለሉት የውስጥ ቅርንጫፎች ላይ ተሰብስቦ የዛፉን ፈሳሽ ይመጣል፤ በሚመጥበትም ጊዜ የሚለቀው ምራቅ ለዛፉ መርዝ ስለሆነ ቅጠሉ ከውስጥ ወደ ውጭ ቡናማ እየሆነ ይደርቃል። እንስቷ ያለ ወንድ ስለምትራባ ቁጥሩ በበጋ በፍጥነት ይበዛል። ከተባዩ የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ጉንዳን ይስባል፣ ጥላሸት የመሰለ ሻጋታም ያበቅላል፤ ቅርንጫፉን ገልጦ ላየ ሰው ከእነዚህ የበለጠ ምልክት አያሻውም።

ተባዩ በአፍሪካ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1986 በማላዊ ሲሆን፣ በ1990 ኬንያ ደርሶ ኋላም ወደ ኢትዮጵያ ገብቷል። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ከመጤው ጥድ አልፎ የሐበሻ ጥድንም የሚያጠቃ መሆኑ ነው፤ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ተጠብቆ የቆየውን ዛፍ ደግሞ እንደ ጓሮ አጥር በአንድ ክረምት መተካት አይቻልም።

የፈረንጅ ጥድ ፈጥኖ ማደጉና ጣውላ መስጠቱ አይካድም፤ ሆኖም አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ በተርታ መትከል ለተባዩ ማዕድ መዘርጋት ነው። ረጃጅም ዛፎችን ሁሉ በፀረ-ተባይ መርጨትም መፍትሔ አይሆንም፣ ክሽክሹን የሚበሉትን ጥንዚዛዎችና የአካባቢውን ንቦች አብሮ ይፈጃልና። ማላዊ የመረጠችው መንገድ እንቁላሏን በክሽክሹ ሰውነት ውስጥ የምትጥል ደቃቅ ተርብ አስመጥቶ መልቀቅ ነበር፤ ይህ ሥነ ሕይወታዊ ቁጥጥር ይባላል።

ተዳፋቱን ሁሉ መመንጠር አፈሩን ለጎርፍ ስለሚያጋልጥ፣ ከእንጦጦ የሚነሣውን የቀበና ወንዝም በደለል ስለሚሞላ፣ ከመቁረጥ በፊት ምርመራ ይቅደም። በ2011 ዓ.ም. ለተጀመረው አረንጓዴ አሻራ ችግኝ የሚያቀርቡ ጣቢያዎች የጥድ ችግኞቻቸውን ከማከፋፈላቸው በፊት እንዲመረምሩ፣ በጥዱም መካከል ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ እንዲያሰባጥሩ፣ የግቢ ባለቤቶችም የተበከለ ቅርንጫፍ ወደ ሌላ ሰፈር ከመጫን እንዲቆጠቡ የዝግጅት ክፍሉ በገጾቹ እንዲያሳስብ ይጠየቃል።