የተጋመዱ ሪጅኖች አብረው ይወድቃሉ

የክላውድ ሥርዓት በሚነድፉ ባለሙያዎች ዘንድ ሳይጠየቅ የሚያልፍ አንድ ንድፍ አለ። ድርጅቱ በሁለት ሪጅን፣ በማይክሮሶፍቱ አዙር ላይ ለምሳሌ በዱባይና በኔዘርላንድስ፣ ቨርቹዋል ኔትወርክ ይከፍታል፤ ሁለቱን በፒሪንግ ያገናኛል፤ በየሪጅኑ ከፋየርዎሎቹ ፊት ሎድ ባላንሰር ያቆምና ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰውን ትራፊክ ሁሉ በዚያ በኩል ያሳልፋል። ከዚያ «አንዱ ሪጅን ቢወድቅ ሌላው አለን» ይባላል። ይህ አባባል በአብዛኛው እውነት አይደለም። እውነት አለመሆኑ የሚታወቀው ደግሞ ሰው ሁሉ በጭንቅ ላይ ባለበት ሰዓት ነው።

የውስጥ ሎድ ባላንሰር የአንድ ሪጅን ንብረት ነው። አድራሻው የሚኖረው በዚያው ሪጅን ነው፤ ሪጅኑ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። በአዙር ከጀርባው የሚሰለፉት ሰርቨሮች በአንድ ቨርቹዋል ኔትወርክ ውስጥ መሆን ስላለባቸው ነገሩ ቢያንስ ግልጽ ነው። በአማዞኑ ኤደብሊውኤስ ግን በፒሪንግ የተገናኘ የሌላ ሪጅን አይፒ አድራሻ ማስመዝገብ ይቻላል፤ ብዙዎችን ያሳሳተውም ይህ ነው። ባሕሬን ያለው ሎድ ባላንሰር ፍራንክፈርት ላሉ ሰርቨሮች ሥራ ሲያከፋፍል ቆይቶ ባሕሬን ብትወድቅ፣ የፍራንክፈርቶቹ ሰርቨሮች ምንም ሳይሆኑ በዚያ በር የሚመጣ ሁሉ አያገኛቸውም።

አዙር ላይ የሠራ ሰው የሚያውቀው ሌላም ጉዳይ አለ። «ቤዚክ» የሚባለው የቀድሞው ሎድ ባላንሰር ሪጅን በሚሻገር ፒሪንግ በኩል አድራሻው አይደረስበትም ነበር። ባለሙያው ይህ ሲገጥመው ወደ «ስታንዳርድ» ይቀይርና መንገዱ ይከፈትለት ነበር። ማይክሮሶፍት ቤዚክን እ.ኤ.አ. በመስከረም 30 ቀን 2025 ከአገልግሎት አውጥቶታል። እኔን የሚያሳስበኝ ሁሉም ክልከላውን እንደ መሰናክል ብቻ መቁጠሩ ነው። «ይህ ትራፊክ መሻገር አለበት ወይ?» የሚለው ጥያቄ መምጣት የነበረበት ያኔ ነበር።

ርቀቱን ደግሞ ማንም ሊያሳጥረው አይችልም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአምስተርዳም ዱባይ በአየር መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ አንድ ጥያቄ ሄዶ ለመመለስ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች አይበቃውም፤ ገመድ ቀጥ ብሎ ስለማይዘረጋ እውነተኛው ጊዜ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። አንድ ገጽ ለመክፈት ተራ በተራ 20 ጊዜ ዳታቤዝ የሚጠይቅ ፕሮግራም ዳታቤዙ በማዶ ከሆነ ከ1 ሰከንድ በላይ በመንገድ ብቻ ያሳልፋል። ፒሪንጉ ሁለቱን ኔትወርኮች አንድ አስመስሎ ስለሚያሳይ ፕሮግራመሩ ይህን ርቀት አያየውም። ትልልቆቹ የክላውድ አቅራቢዎች ኢትዮጵያ ውስጥ ሪጅን የላቸውምና ከአዲስ አበባ የሚጠቀም ደንበኛ አንዱን ረጅም መንገድ አስቀድሞ ከፍሎታል። ሁለተኛውን የሚጨምርበት ንድፉ ነው።

ፋየርዎሎቹ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይብሳል። ፋየርዎል የጀመረውን ግንኙነት ያስታውሳል፤ መልሱ በሌላ ፋየርዎል በኩል ከመጣ ይጥለዋል። በሁለቱ ሪጅን ያሉት ሁለት ሎድ ባላንሰሮች የየራሳቸውን ስሌት ስለሚያሰሉ መሄጃና መመለሻው አንድ መሆኑን የሚያረጋግጥ የለም። የተለመደው መፍትሔ የመነሻውን አድራሻ በፋየርዎሉ አድራሻ መተካት ነው። ያን ጊዜ የማዶው ሰርቨር መዝገብ ላይ ጥያቄውን ማን እንዳቀረበ ይጠፋል፤ ለደኅንነት ተብሎ የቆመው መሣሪያ ለምርመራ የሚያስፈልገውን ማስረጃ ያጠፋል ማለት ነው። ሂሳቡም አለ፤ በአዙር የፒሪንግ ዳታ ሲወጣም ሲገባም ያስከፍላል።

እ.ኤ.አ. በጥር 25 ቀን 2023 ማይክሮሶፍት የአንድ ራውተር አይፒ አድራሻ ሲቀይር የተሰጠው ትእዛዝ የሰፊው ኔትወርኩ ራውተሮች ሁሉ መንገዳቸውን እንደ አዲስ እንዲያሰሉ አደረገ፤ በሪጅኖች መካከል ያለው ግንኙነትም ታወከ። ከኢንተርኔት የሚመጡ ደንበኞችም ተቸግረዋል፤ ማዶ ላይ ጥገኛ የነበረ ሥርዓት ግን በሁለት በኩል ተመታ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 በኤደብሊውኤስ የቨርጂኒያ ሪጅን በደረሰው መቋረጥ ደግሞ የሎድ ባላንሰሩ የጤና ምርመራ ራሱ ተዛብቶ፣ ደኅና የነበሩ ሰርቨሮች እንደ ታመሙ ተቆጥረው ከአገልግሎት እየወጡ ይመለሱ ነበር። ይህን መሣሪያ የመዳኛችን ዋስትና አድርገን ስንሾመው እሱም የሚታመም መሆኑን ማሰብ ነበረብን።

«ዳታው ግን መመላለስ አለበት» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል፤ ልክ ነው። ሆኖም ዳታቤዝ ቅጂውን ወደ ማዶ ለመላክ የሚያስፈልገው አንድ ጠባብ በር ነው፤ የሁለቱ ኔትወርኮች መዋሐድ አያስፈልገውም። ፕራይቬት ሊንክ የሚባለው አገልግሎት ይህን ያደርጋል፦ አንድን አገልግሎት ብቻ በአንድ የግል አድራሻ ያቀርባል፤ የአይፒ ክልሎች ቢደራረቡም አይገደውም፤ ግንኙነቱንም የሚጀምረው ተጠቃሚው ወገን ብቻ ነው። በአዙር የግል አድራሻው ከአገልግሎቱ በተለየ ሪጅን ሊሆን ይችላል፤ ኤደብሊውኤስም እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2024 ጀምሮ ሪጅን መሻገርን ፈቅዷል። ደንበኛው ወደ የትኛው ሪጅን ይሂድ የሚለውን ውሳኔ ደግሞ ከሁለቱም ኔትወርክ ውጭ ላለ ዲኤንኤስ መተው ይሻላል።

ፒሪንግ ያለው ድርጅት ሁሉ ነገ ይበጥሰው አልልም። በታቀደ ቀን፣ ባለሙያው ሁሉ በቦታው ባለበት፣ በሥራ ሰዓት ግንኙነቱን ለአንድ ሰዓት ያቋርጠውና የትኛው አገልግሎት እንደሚቆም ይመዝግብ። የመግቢያ ፈቃድ የሚሰጠው ሰርቨር ወይም የውስጥ ዲኤንኤሱ በአንዱ ሪጅን ብቻ ተቀምጦ ከተገኘ፣ ሥራው የሚጀምረው የእሱን ሁለተኛ ቅጂ በማዶ ከማቆም ነው።