ቃል ስለሚቈጥር ጆሮ

ሰው ሁሉ በንግግሩ መካከል የሚደጋግማት አንዲት ቃል አለችው። አንዱ «እንትን» ይላል፤ አንዱ «ማለቴ» ይላል፤ ሌላውም «ገባህ?» ሳይል ነገሩን አይጨርስም። አዎን ለማለት ትንፋሹን ወደ ውስጥ የሚስብም አለ፤ ይህን ልማዱን ባገሩ ሳለ አያውቀውም፤ ባሕር ማዶ ተሻግሮ የውጭ አገር ሰው «ምን ነካህ? አመመህን?» ብሎ ሲጠይቀው ያን ጊዜ ያውቃል። እኒህ ልማዶች ማንንም አይጐዱም። የሚጐዳውስ እነርሱን እየቈጠረ የሚሥቅ ጆሮ ነው።

እኔ ራሴ በአንጋጫ በአንድ የሰፈር ስብሰባ ስለ ውሃ ጕዳይ ተናግሬ ስቀመጥ፥ ጎረቤቴ «17 ጊዜ እንትን አልህ» አለኝ። ስለ ውሃው ምን እንዳልሁ ብጠይቀው አንዱንም አላስታወሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሌ ከአፌ ሳትወጣ እኔው እቈጥራት ጀመር፤ ሁለት ወር ያህልም ዝም አልሁ። በሁለቱ ወር ውስጥም የውሃውን ነገር ያነሣ ሰው አልነበረም።

ይህ በእኔ ላይ ከደረሰ፥ አፉን በከምባትኛ ፈትቶ ዐማርኛን በኋላ በተማረው ሰው ላይማ እንዴት ይብስ! የክልሉ የሥራ ቋንቋ ዐማርኛ ነውና፥ ጕዳዩን ሊያስፈጽም ወደ ቢሮ ሲገባ በዐማርኛ መናገር ግድ ይሆንበታል። ሴቲቱን በወንድ አንቀጽ ቢጠራት ይሣቅበታል፤ በሣቁም መካከል አቤቱታው ይጠፋል።

የሚሥቁትስ እነማን ናቸው? ግእዝ ይፍረደን ብንል፥ ሠን ከሰ፥ ሐን ከኀና ከሀ በአፋችን የማንለይ እኛ ነን፤ «ጸሎት»ን «ጠሎት» የሚልም በመካከላችን ሞልቷል። እንግዲህ ከሣቅ የሚተርፍ ማን ነው? በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 የኤፍሬም ሰዎች አንዲት ፊደል አጥርተው ማለት ቢያቅታቸው በዮርዳኖስ መሻገሪያ እንደ ታረዱ ካህናት ያውቃሉ። በቢሮ ደጃፍ የሚሥቅ ሰው ሰይፍ አልያዘም፤ መሻገሪያውን ግን ይዟል።

«እርማት ፍቅር ነው» የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ነገሩ ከተሰማ በኋላ፥ በጓዳ፥ አንድ ጊዜ ሲሆን ፍቅር ነው። በጉባኤ ፊት ሲሆን ግን አራሚውን ያስከብራል እንጂ ተናጋሪውን አያቀናም።

ስለ አነጋገር መጠንቀቅን ከምባታ ራሷ ታስተምረናለች። በቀድሞው ልማድ ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም፤ አነሣሡ ከስማቸው አነሣሥ ጋር አንድ የሆነውንም ቃል ትታ ሌላ ትተካለች። ይህም ባሊሻ ይባላል። ሸክሙ በሴቶች ላይ መውደቁን አልክድም፤ ነገር ግን እርሷ ቃሏን የምትጠብቀው አክብራ ነው እንጂ አፍራ አይደለም። ስለዚህ አንዱ ቃል ቢከለከልባት ሌላ አገኘች እንጂ ዝም አላለችም። ከአክብሮት የመጣ ጥንቃቄ ቃልን ይወልዳል፤ ከዕፍረት የመጣ ጥንቃቄ ግን ዝምታን ይወልዳል።

እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ባልንጀራህ ሲናገር እንትኑን ትተህ ነገሩን ስማ። እኔ ወደ ስብሰባው ተመልሻለሁ፤ እንትንም ማለቴን አልተውሁም። የሚቈጥር ቢኖር ይቍጠር፤ እኔ ግን ውሃውን እጠይቃለሁ።