የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የክስ ሥልጣንና የምክር ቤት ቁጥጥር፦ የዊስኮንሲን ተሞክሮ

በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት በሕዝብ የሚመረጠው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ የሸማቾችንና የአካባቢ ጥበቃ ሕጎችን በሚጥሱ አካላት ላይ የፍትሐ ብሔር ክስ ይመሠርታል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 የወጣ ሕግ ግን ክሶችን በስምምነት ለመዝጋት ወይም ለማቋረጥ የሕግ አውጪው የጋራ ፋይናንስ ኮሚቴ አስቀድሞ እንዲፈቅድ አስገደደ። ደጋፊዎቹ በስምምነት የሚገኘው ገንዘብ የሕዝብ በመሆኑ ቁጥጥር ይሻል ሲሉ ተከራከሩ።

የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2025 በሙሉ ድምፅ በሰጠው ውሳኔ፣ ሕግን ለማስከበር የሚመሠረቱ የፍትሐ ብሔር ክሶችን መቋጨት የሥራ አስፈጻሚው ተግባር ነው በማለት በእነዚህ ክሶች ላይ የተጣለውን ገደብ ሻረ። ምክር ቤቱ በሕግ ማውጣትና በበጀት የሚያደርገው ቁጥጥር ግን እንደጸና ነው። ለዜጋው ሁለቱም ያስፈልጉታል፦ ክስ ሲጓተት ካሳው ይዘገያል፤ ተቆጣጣሪ ሲጠፋ ደግሞ ስምምነቱ ለማን ጥቅም እንደዋለ የሚጠይቅ አይኖርም።