ግዳይ የሌለው ጀግናስ?

የዛሬው አስተያየቴ ሚያዝያ 27 ስለምናቀርበው የአርበኞች ቀን ዝግጅት ነው። ክበባችን ስማቸው የሚጠራ ጀግኖችን ዝርዝር አውጥቷል። ዝርዝሩ ጥሩ ነው፣ እኔ ግን አንድ ሰው ይጨመር እላለሁ። እሳቸውም ፓይለቱ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ናቸው።

ይህን በስብሰባ ላይ ስናገር አንድ ልጅ ወዲያው «ስንት አውሮፕላን ጣለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምንም አልጣሉም። ሁሉም ሳቁ። እኔ ደግሞ የሚያስቅ ነገር አልታየኝም።

ኮሎኔል ሮቢንሰን ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። መጀመሪያ የመኪና መካኒክ ነበሩ። ቺካጎ ውስጥ የበረራ ትምህርት ቤት ሊገቡ ሲሉ ጥቁር ስለሆኑ አንቀበልም አሏቸው። እሳቸው ምን አደረጉ መሰላችሁ? እዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ክፍሉን እየጠረጉ ትምህርቱን ይሰሙ ነበር፣ ሰሌዳው ላይ የቀረውንም ያነቡ ነበር። በኋላ ተቀበሏቸው፣ ጭራሽ አስተማሪ ሆኑ። (እኛ ወንበር ላይ ተቀምጠን እንኳን ከሰሌዳ መገልበጥ ይሰለቸናል።)

በ1927 ዓ.ም ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ንጉሠ ነገሥቱም የአየር ኃይሉ አዛዥ አደረጓቸው። አየር ኃይል ስል የአሁኑን እንዳታስቡ። ያሉን አውሮፕላኖች ጥቂትና አሮጌ ነበሩ፣ አብዛኞቹም መሣሪያ አልነበራቸውም። ጣሊያን ደግሞ በመቶ የሚቆጠር አውሮፕላን ነበረው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም ዓድዋ በቦምብ ስትደበደብ ኮሎኔሉ እዚያው ነበሩ። ለታናናሾቻችን ልንገር፣ ይሄ የአፄ ምኒልኩ ዓድዋ አይደለም፣ ከዚያ 40 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ታዲያ ሥራቸው ምን ነበር? ከአዲስ አበባ ወደ ጦር ግንባር መልእክትና መድኃኒት ማድረስ፣ ሰው ማመላለስ። ተኩሶ ራሱን መከላከል በማይችል አውሮፕላን ማለት ነው። ቆስለዋል፣ በመርዝ ጋዝም ተጎድተዋል። አሁን ፎክሩ ቢባሉ ምን ብለው ይፎክራሉ? በእኛ አገር ፉከራ ላይ የሚቆጠረው ግዳይ ነው። «ደብዳቤ አደረስኩ» ብሎ የሚፎክር ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ግን እስቲ አስቡት፣ ግንባር ላይ ቆስሎ መድኃኒት የሚጠብቅ ወታደር ብትሆኑ ሰማይ ላይ ማንን ማየት ትፈልጋላችሁ?

ሌላ ጓደኛዬ «ለደመወዝ የመጣ የውጭ ሰው ነው፣ በጦርነቱም አልሞተም» አለችኝ። የምትለው ውሸት አይደለም። በ1928 ዓ.ም ጠላት አዲስ አበባ ሊገባ ሲል ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። እዚያም ብዙ ሺህ ሕዝብ በክብር ተቀበላቸው። ለደመወዝና ለስም ቢሆን ኖሮ እዚያው ይቀሩ ነበር። እሳቸው ግን በ1936 ዓ.ም ተመልሰው መጡ፣ የእኛን ወጣቶችም ማብረር አስተማሩ። 10 ዓመት ያህል እዚህ ኖሩ። መጋቢት 1946 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ ሲያበሩት የነበረው አውሮፕላን ተከሰከሰ። አብሯቸው የነበረው ሰው ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነበር፣ እሱም ሞተ። ይሄን ሳነብ በጣም ገረመኝ። ትናንት ጣሊያንን የተዋጉ ሰው ከጣሊያን ጋር በአንድ አውሮፕላን ይሄዳሉ ማለት ነው። ኮሎኔሉም በደረሰባቸው ቃጠሎ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። መቃብራቸውም እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

በጦርነቱ አልሞቱም ማለት በጦርነቱ አልነበሩም ማለት አይደለም። ጥይት የገደለውን ብቻ የምንቆጥር ከሆነ በሰላም ጊዜ ያረፉት አርበኞች አያቶቻችን በሙሉ ከዝርዝሩ ሊወጡ ነው። እነሱን ካላወጣን ኮሎኔሉን ለምን እንተዋቸዋለን?

ስለዚህ ክበባችን ከዝግጅቱ ላይ 5 ደቂቃ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። አጭር ድራማ ጽፌያለሁ፣ አውሮፕላኑንም ከካርቶን እሠራለሁ። የቸገረኝ ተዋናይ ነው። ሁሉም ጎፈር ማድረግና ጋሻ መያዝ ብቻ ይፈልጋል። ፓይለት የሚሆነው ልጅ ጠመንጃ አይሰጠውም፣ አንድ የደብዳቤ ቦርሳ ብቻ ነው የሚይዘው። ወንድም ሴትም መሆን ይችላል። ፈቃደኛ የሆነ አርብ ከሰዓት ከትምህርት በኋላ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ይምጣ።

ከ7ኛ «ለ» ክፍል