የአባት ጦርነት በልጅ ትዝታ

ወታደር ከግንባር ሲመለስ ትጥቁን ፈትቶ ከቤቱ ይገባል። ዳሩ ግን ያየውንና የሰማውን እንደ ትጥቁ ፈትቶ ከደጅ አያስቀምጠውም። ታዲያ ከእርሱ ጋር የገባውን ማን ይሸከመዋል? ይህን ለመመርመር በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን በደቡባዊ አፍሪካ ገጠር የኖረ የአንድ ወታደር ቤተሰብ ታሪክ መርጠናል። ታሪኩን ጽፋ ያቆየችልን ልጁ፣ ደራሲዋ ዶሪስ ሌሲንግ ናት። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባቷ አልፍሬድ ቴይለር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተሰልፎ አንድ እግሩን አጣ። እናቷ ኤሚሊ በለንደን ሆስፒታል ያስታመመችው ነርስ ነበረች። ተጋብተው ወደ ፋርስ ሄዱ፤ እርሱ በባንክ ሲሠራ ዶሪስ በ1919 በከርማንሻህ ከተማ ተወለደች። ከዚያም በ1924 ለንደን ላይ በተከፈተው የእንግሊዝ ግዛቶች ትርኢት፣ በቆሎ የዘራ በጥቂት ዓመት ይከብራል የሚለው ስብከት አባትየውን ማረከው። በ1925 ቤተሰቡን ይዞ ደቡብ ሮዴዥያ፣ የዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ገባ።

እርሻቸው ባንኬት በተባለ ወረዳ ነበር። ቤታቸው ከኮረብታ ላይ የቆመ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር ነው። እናት ከለንደን ያመጣችውን መጋረጃ ሰቀለች፤ ፒያኖም ነበራት፤ መደርደሪያው ግን ከላምባ ሣጥን የተሠራ ነበር። ያሰበችው ኑሮ ይህ አልነበረምና ልቤን አመመኝ ብላ ለረጅም ጊዜ አልጋ ያዘች። በቆሎው አላከበራቸውም፤ ዕዳው በረታ። አባት በእንጨት እግሩ እያዘገመ ወርቅ ፍለጋ ገባ። ጥቂት ዓመት ሠርተን እንመለሳለን ያሉት ሰዎች ከዓመት ዓመት ሲጠብቁ ኖሩ። በ1947 አባት ሲሞት የመመለስ ተስፋውም አብሮት ተቀበረ።

ልጅቱ ግን ሜዳውን ወደደች። ጠመንጃ ይዛ ጅግራ ታድን፣ በረጅሙ ሣር መካከል ብቻዋን ትውል ነበር። ቤት ስትመለስ የሚጠብቃት ሌላ ነው። አባት የምሽጉን ጭቃ፣ የመድፉን ድምፅና ያለቁ ጓዶቹን ይተርካል፤ እናትም በእጇ ላይ የሞቱትን ቁስለኞች ታነሣለች። ጦርነቱ ካበቃ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ የተወለደችው ልጅ፣ ያላየችውን ጦርነት ተሸክማ አደገች።

ይህ ልጅነት በማን መሬት ላይ እንዳለፈም መርሳት አይገባንም። በ1930 የወጣው የመሬት ድልድል ሕግ የአገሪቱን ግማሽ ያህል መሬት ለጥቂት ነጮች ሰጠ፤ ባለመሬቱ ጥቁር ሕዝብ በገዛ አገሩ ለባዕዳን ጉልበቱን ሸጠ። ዶሪስ አድጋ ይህን ግፍ በ1950 በታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ አጋለጠች። በ1956 የደቡብ ሮዴዥያና የደቡብ አፍሪካ ቅኝ ገዥዎች እንዳትገባ ከለከሏት። አገሪቱ በ1980 ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1982 ተመልሳ አየቻት።

በ2007 የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ይህች ሴት በ2008፣ በ88 ዓመቷ፣ «አልፍሬድና ኤሚሊ» የተባለ መጽሐፍ አሳተመች። በመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል ያ ጦርነት ቢቀር ኖሮ ወላጆቿ የሚኖሩትን ሕይወት ፈጠረችላቸው። አባት በሁለት እግሩ ቆሞ በአገሩ ያርሳል፤ እናት ሌላ ሰው ታገባለች። ሁለቱ አይጋቡም። ካልተጋቡ ደግሞ ጸሐፊዋ ራሷ አትወለድም። ለወላጆቿ ሰላምን ስትመኝ፣ ከምኞቷ ውስጥ ራሷን አስወጣች።

ውድ የሠራዊቱ አባላት፣ ዝም በሉ አንልም፤ ዝምታም ቤትን ያከብዳል። ሆኖም ለጓድና ለልጅ የሚነገረው ይለይ። ቁስላችሁን ለጓዳችሁ፣ ለባለቤታችሁ፣ ለሐኪም ንገሩ። ልጅ ስለ ወደቀው ጓድ ሲጠይቅ ደግሞ አሟሟቱን ሳይሆን ስሙን፣ ሳቁን፣ ደግነቱን አውሩት። ውድ እኅቶቻችን፣ እናንተም ነገ እንዛወራለን እያላችሁ ጓዛችሁን እንዳሰራችሁ አትኑሩ። ለእኛ ማለፊያ የመሰለን ሰፈር ለልጆቻችን የትውልድ ቀያቸው ነው።