ሲሪየስና የቤቱ ሎሌ

የሃሪ ፖተር መጻሕፍት ሲነሡ ወላጆች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ጥንቆላው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ለዛሬ ልለፈው። ልጆቻችሁ መጽሐፉን አንብበው ወይም ፊልሙን አይተው ከሆነ፣ ስለ ጌታና ሎሌ ነገር አብራችሁ ብትነጋገሩ እወዳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመው ሁለተኛው መጽሐፍ ድራኮ ማልፎይ የተባለው የባለጸጋ ልጅ ሄርማዮኒን ደሟ ቆሻሻ እንደሆነ በሚገልጽ ቃል ይሰድባታል፤ ወላጆቿ አስማት የማያውቁ የጥርስ ሐኪሞች ናቸውና። ይህን ክፋት ለመለየት ማንም አይቸገርም፤ ተሳዳቢው ገና ከመጀመሪያው የሚያስጠላ ልጅ ነው።

የሚከብደው የቤት ኤልፎች ጉዳይ ነው። እነዚህ ትንንሽ ፍጡራን አንድን ቤተሰብ እስኪሞቱ ድረስ ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ። ዶቢ የተባለው የሚለብሰው አሮጌ የትራስ ጨርቅ ነው። ጌታው ልብስ ከሰጠው ነፃ ይወጣልና አንድ ካልሲ ነፃ አወጣው። በአራተኛው መጽሐፍ (2000) ሄርማዮኒ የትምህርት ቤቷን ምግብ የሚያዘጋጁት ከመቶ በላይ እንዲህ ያሉ ሎሌዎች መሆናቸውን ስትሰማ መብላት አቃታት። ደመወዝና ዕረፍት እንዲያገኙ ማኅበር አቋቋመች። ጓደኞቿ ግን ወደው ነው የሚሠሩት ብለው ሳቁባት። እኛስ ስለ ቤት ሠራተኞቻችን ይህንኑ ስንል አልተሰማንምን? (በ2005 የወጣው ፊልም ይህን ታሪክ ትቶታልና ፊልሙን ብቻ ያዩ ልጆች አያውቁትም።)

ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን ሲሪየስ ብላክ ነው። ሲሪየስ ደግ ሰው ነው። በደማቸው ንጽሕና የሚመኩትን ወላጆቹን ተቃውሞ ገና በወጣትነቱ ከቤት የወጣ ነው። የቤቱን አሮጌ ሎሌ ክሪቸርን ግን ከስድብ በቀር በሌላ አያናግረውም። እርግጥ የክሪቸርም ምላስ መርዝ ነው። በአምስተኛው መጽሐፍ (2003) አንድ ቀን ውጣ ብሎ ሲጮህበት፣ ክሪቸር ቃሉን እንደ ትእዛዝ ቆጥሮ ወደ ማልፎዮች ቤት ሄደ። እዚያ የነገራቸውም ሲሪየስ ለሞተበት ወጥመድ መንገድ ከፈተ።

ይህን ለባለቤቴ ሳጫውታት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «አንተስ ሠራተኛችንን በስሟ ስትጠራት ሰምቼህ አላውቅም» አለችኝ። እኔ ስለ እኩልነት በየመድረኩ የምናገር ሰው ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ «አንቺ!» ስል ኖሬአለሁ።

በመጨረሻው መጽሐፍ (2007) ሃሪ ክሪቸርን ተቀምጦ ታሪኩን አስነገረው፤ የሚወደውን የቀድሞ ጌታውን መታሰቢያ የአንገት ሐብልም ሰጠው። ያ ተሳዳቢ ሽማግሌ ታጥቦ፣ ቤቱን አጽድቶ፣ ሾርባ ሠርቶ ጠበቀው። ደስ ይላል። ሆኖም ጦርነቱ ሲያበቃ ደክሞት ወደ አልጋው የሚያስበው ሃሪ፣ ክሪቸር ሳንድዊች ያመጣልኝ ይሆን ይላል። ክሪቸር ነፃ ስለ መውጣቱ ግን ደራሲዋ ሮውሊንግ እዚያ አንድም ቃል አልጻፈችም።